ከፍተን የተውነውን ኮንሶል የሚያስጨርሰን ሰው፦ በአዲስ አበባ መሀል የሞዲንግ ወዳጅ ማግኛ መንገድ

አልጋዬ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ነበር። ውስጡ የተበታተነ ፒኤስፒ የተባለ በእጅ የሚያዝ ጌም ማጫወቻ (ኮንሶል)፣ በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለሉ ብሎኖችና አንድ የተቀደደ ፍሌክስ፣ ማለትም ክፍሎችን የሚያገናኝ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽቦ። ፍሌክሱ የስክሪኑ ነው። ማያያዣው ላይ ያለችውን የጥፍር ጫፍ የምታህል መቆለፊያ መጀመሪያ ማንሳት ሲገባኝ ፍሌክሱን ይዤ ጎተትኩት፤ ሲቀደድ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አዲስ ስክሪን ተፈልጎ ይገኝ ነበር፤ አሠራሩም በቪዲዮ ሞልቷል። እኔ ግን ካርቶኑን ከድኜ ስምንት ወር አስቀመጥኩት።

ያስከፈተኝ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የጎረቤት ልጅ ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ካርቶኑን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ "እሠራዋለሁ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር "ጋሼ፣ አለቀ?" ይለኛል። "ገና ነው" ማለት አንዴ ሁለቴ ይቻላል። በአምስተኛው ስክሪን ፍለጋ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በራሴም በጓደኞቼም ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፦ "አለቀ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለው ሥራ ያልቃል፤ የሌለው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ ካቻቢቴና ስለ ብየዳ ቢያወራም፣ ዋናው ጉዳዩ ያንን ሰው ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው መሀል እንዴት እንደምታገኙትና እንዴት እንደምታቆዩት ነው።

ሞዲንግ ስል ኮንሶልን ፋብሪካው ከሰጠው መልክና አቅም ማሻሻልን ነው። የደበዘዘ የጌም ቦይ ስክሪን በብሩህ መተካት፣ ሌንሱ የደከመ ፕሌስቴሽን 2 ያለ ዲስክ እንዲነሳ ማድረግ፣ በድንጋይ የሚሠራውን በቻርጀር እንዲሞላ መለወጥ፣ ቀፎ መቀየር፣ የራስን ፕሮግራም ጽፎ መጫን፤ ሁሉም ውስጡ ነው። ጥገናም ከዚሁ አይለይም። እኛ አገር እንዲያውም አብዛኛው ሰው ወደ ሞዲንግ የሚገባው በጥገና በር ነው።

አንድ፦ ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ያለቀ ሥራ ይኑራችሁ

የትኛውም ጠጋኝ፣ የትኛውም ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ምን ሠርተህ ታውቃለህ?" ወይም "ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ ነው። መልሱ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ያለቀ ይሁን። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ምረጡ።

ለምሳሌ ፕሌስቴሽን 2 በተነሳ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን እየረሳ እንደ አዲስ የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የተባለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው። ሰዓት ቤት ትገኛለች። ከፍቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቀይሮ መግጠም ብቻ ነው፤ ግን ኮንሶል ከፍቶ በሰላም መዝጋትን ያስተምራል። ሌላው፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ፕሌስቴሽን 3 ወይም 4 አቧራውን ማጽዳትና የደረቀውን ተርማል ፔስት፣ ማለትም የቺፑን ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ መቀየር ነው። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጉት። ከፋርማሲ የምትገዙት ብዙውን ጊዜ 70 በመቶው ነው፤ ቀሪው ውኃ ስለሆነ መብራት ከመሰካታችሁ በፊት በደንብ ይድረቅ።

ብየዳ ሳትነኩ የሞዲንግን ጣዕም ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፍሪ ማክቡት የተባለ ፕሮግራም አለ። ባለ 8 ሜጋባይቱ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል፣ ፕሌስቴሽን 2 ሲነሳ ካርዱን አንብቦ በግለሰቦች የተጻፉ ፕሮግራሞችን ይከፍታል። ከመድከማችሁ በፊት ግን የኮንሶሉን ጀርባ አንብቡ፤ የሞዴል ቁጥራቸው በ90 የሚጀምር የመጨረሻዎቹ ቀጫጭኖች ውስጥ ብዙዎቹ አይቀበሉትም።

በምን አትጀምሩ? ሦስት ቀይ መብራት በሚያበራ ኤክስቦክስ 360 አትጀምሩ። ሙቀትና ቅዝቃዜ እየተፈራረቁ ቺፑ አካባቢ ያለውን ብየዳ የሚሰነጥቁበት ችግር ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመደበለት ጉድለት ነው። በሂት ጋን (ሞቃት አየር በሚተፋ መሣሪያ) ተጠብሶ ለሁለት ሳምንት የሚነሳውን "ተሠርቷል" ብሎ የሚሸጥ ሰው ታገኛላችሁ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ካልተሳካ ሁለተኛውን ለመጀመር የሚጠይቀው ጉልበት ከምታስቡት በላይ ነው።

ሁለት፦ ሰዎቹ ያሉበት ድረስ ሂዱ

በከተማችን ኮንሶል የሚያውቁ ሰዎች በስም ተደራጅተው ቢሮ ከፍተው አይጠብቋችሁም። ግን አሉ፤ ተበታትነው ነው ያሉት።

መጀመሪያ ሰፈራችሁ ያሉ ፕሌስቴሽን ቤቶች። የቤቱ ጠባቂ የማንኛውንም ኮንሶል ባሕርይ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጫውት የሚውለው እሱ ነው። የትኛው ማሽን ሲሞቅ እንደሚጠፋ፣ የትኛው ጆይስቲክ ተጫዋቹን ብቻውን ወደ ግራ እንደሚያስሮጥ በስም ይነግራችኋል። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ በፌስታል የታጨቀ የሞተ ጆይስቲክ አለው። የምትሄዱበት ሰዓት ወሳኝ ነው። ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከ10 ሰዓት ወዲያ፣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል፤ ማንም አይሰማችሁም። ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ አንድ ጌም ከፍላችሁ ተጫወቱ፣ ከዚያ ወሬ ጀምሩ። እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነበር፦

"ወንድሜ፣ የተበላሸ ጆይስቲክ ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ምን እናደርገዋለን፣ ይኸው ተከምሯል።"

"ሁለቱን ስጠኝ፤ ቅዳሜ ሠርቼ አመጣልሃለሁ። ካልሠራ አትከፍለኝም።"

ትንሽ አየኝና ስልኬን ጻፈ። መታወቂያ ወይም መያዣ ቢጠይቃችሁም አይክፋችሁ፤ ዕቃው የእንጀራው ነው። ቅዳሜ ግን በተባለው ሰዓት ተገኙ። አንዱ ብቻ ተሠርቶ ከሆነ አንዱን ይዛችሁ ሂዱና ሁለተኛው ለምን እንዳልተሠራ አስረዱት። ሰው ያመነኝ ባልተሠራው ላይ በሰጠሁት ማብራሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥገና ቤቶች። እዚህ ላይ የከተማው መለወጥ መታወቅ አለበት። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሰው ሲታደሱ፣ እዚያ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። አንድ ሰው "ፒያሳ እንዲህ ያለ ቦታ ጎበዝ ጠጋኝ አለ" ካላችሁ መቼ እንዳየው ጠይቁ። ብዙዎቹ ስልካቸውን አልቀየሩም፤ የድሮ ደንበኛ ፈልጋችሁ ቁጥራቸውን መቀበል ከመዞር ይሻላል። የሞባይል ጠጋኞች በብዛት ያሉት መገናኛ ነው፤ ከመሀል ከተማ በአንድ ታክሲ ይደረሳል። ማይክሮስኮፕና ሆት ኤር ያላቸው እነሱ ናቸው።

ከሁሉም የምመክረው ግን ሌላ ሰው ነው፦ ሰፈራችሁ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረው ጋሼ። ጆይስቲክ በእጁ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ብየዳን ግን ከእናንተ ዕድሜ በላይ ሠርቶታል። እኔን ያስተማረኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው። "እንደምን ዋሉ ጋሼ" ብዬ ገብቼ፣ ያበላሸሁትን ቦርድ አሳየሁት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየውና ብየዳዬ ላይ ያሉትን ክብ ክብ የሊድ (ቀልጦ የሚያያይዘው የብየዳ ብረት) ጉብታዎች በወረንጦው ጫፍ ነካካቸው። "ይሄ ተቀምጧል እንጂ አልያዘም" አለኝ። ከዚያ መበየጃውን አስያዘኝና እጄን ይዞ የመበየጃውን ጫፍ ቦርዱና የዕቃው እግር የሚገናኙበት ላይ አሳረፈው። "ሊዱን መበየጃው ላይ አታቅልጥ። ሙቀቱን ለእግሩ ስጠው፤ እግሩ ሲሞቅ ሊዱ ራሱ ይሄድለታል።" አንድ፣ ሁለት እስክንል ጠበቅን፤ ሊዱን ከሌላ ወገን ሲነካው እንደ ውኃ ፈስሶ እግሩን ከበበው፣ አንጸባረቀም። ለሦስት ወር በቪዲዮ ያልገባኝ በአንዲት ደቂቃ ገባኝ። ለዚህ ትምህርት ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ በሌላ ቀን ቡና ይዤለት ሄድኩ።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች። አምስት ኪሎ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በሜክሲኮ በኩል ደግሞ ተግባረ ዕድ። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ መለኪያና ንድፈ ሐሳብ አለው፤ የሚለማመድበት ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። እናንተ የሞተ ኮንሶል አላችሁ። ግቢ ለመግባት መታወቂያ ስለሚጠየቅ ውጭ ባለ ሻይ ቤት ተቀጣጠሩ። የጥገና መጽሐፍ ለማንበብና ዕቅድ ለማውጣት አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታው ጥሩ ነው፤ ካቻቢቴውን ግን ቤት ተዉት።

ቆራሌውንም አትርሱ። በየሰፈሩ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረው ሰው ከማንም ቤት ጓዳ የወጣውን አሮጌ ጌም በመጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ስልካችሁን ስጡት፣ ምን እንደምትፈልጉ በስልካችሁ ፎቶ አሳዩት። ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመሄዱ በፊት ይደውልላችኋል። ዋጋ ሲነግራችሁ አታንገላቱት፤ ሁለተኛ የሚደውለው ከመጀመሪያው ጊዜ በመልካም ከተለያያችሁ ነው።

ሦስት፦ ይዛችሁ የምትሄዱት ስጦታ ጆይስቲክ ጥገና ይሁን

ወደ ማንኛውም ስብስብ በልመና ከመግባት በጥቅም መግባት ይሻላል። በከተማችን ሁልጊዜ የሚፈለገው ጥገና የጆይስቲክ ስለሆነ እሱን በደንብ ልመዱት። በዝርዝር ልግለጸው።

ብቻውን የሚሄድ ጆይስቲክ ችግሩ አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ፣ ሥር ነው። በሁለት ጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ የግራ ቀኝ፣ አንዱ የላይ ታች እንቅስቃሴን ይለካል። ውስጣቸው የካርቦን ንጣፍ ላይ የምትንሸራተት ቀጭን ብረት አለች። ንጣፉ ሲበላ ወይም ሲቆሽሽ አናሎጉ መሀል ቆሞም ኮንሶሉ የተገፋ ይመስለዋል። በመጀመሪያ ከፍታችሁ ጥቂት አልኮል ጨምሩበትና ዱላውን ዙሪያውን ሃምሳ ጊዜ ያህል አሽከርክሩት፤ አድርቁና ሞክሩት። ቆሻሻ ብቻ ከነበረ ይስተካከላል። ከተበላ ግን ሙሉውን አናሎግ መቀየር አለባችሁ።

በተለመዱት ጆይስቲኮች አናሎጉ በ14 ነጥብ ተበይዷል። ከፋብሪካ የሚመጣው እርሳስ የሌለበት ብየዳ ለመቅለጥ ከ217 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እርሳስ ያለበት 63 በ37 የሚባለው በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ ለመንቀል ስትነሱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት እንጂ ሽቦው ፍሌክስ አይደለም) ቀቡና ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሩ። የማይመስል ምክር ነው፤ ለማንሳት የፈለጋችሁትን መጨመር። ግን ሁለቱ ሲቀላቀሉ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ከዚያ በመምጠጫው ወይም በመዳብ ጥልፉ ታነሱታላችሁ። መበየጃውን 350 ዲግሪ አካባቢ አድርጉት። አራቱ ዳር ያሉት ወፍራም እግሮች ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ስለሚያሸሹ ይዘገያሉ፤ እነሱን ታገሱ። ካልላላ በካቻቢቴ አትፈንቅሉ። በነጥቡ ዙሪያ ያለው የመዳብ ቀለበት ከቦርዱ ላይ ከተላጠ ሥራው በቀጭን ሽቦ መስመር ወደ መሳብ ይዞራል፤ ይቻላል፣ ለጀማሪ ግን ያስመርራል።

አሁን በማግኔት የሚለኩ፣ ብረትና ካርቦን የማይነካኩባቸው አናሎጎችም ይሸጣሉ። ለፕሌስቴሽን ቤት እነዚህን እመርጣለሁ፤ ዋጋቸው ይበልጣል፣ መሀላቸውን ማስተካከልም ሊጠይቅ ይችላል፣ ነገር ግን በፍትጊያ አይበሉም።

አንድ ደርዘን ጆይስቲክ ስትጨርሱ ሰፈሩ ያውቃችኋል። "ያ ጆይስቲክ የሚሠራው ልጅ" ወይም "ያቺ ልጅ" ተብላችሁ ስትጠሩ፣ ሌሎች በዚሁ ፍቅር የተያዙ ሰዎች ራሳቸው እየጠየቁ ይመጡባችኋል። እኔ አሁን አብሬያቸው ከምሠራው አራት ሰዎች ሦስቱን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው።

አራት፦ ወንፈል ግቡ

ሰው ከተገኘ በኋላ ያለው ፈተና ማቆየት ነው። "አንድ ቀን ተገናኝተን እንሠራለን" የሚባለው ቀን አይመጣም። እኛን ያቆየን ከገጠር ወላጆቻችን የተዋስነው ወንፈል ነው። ገበሬው ዛሬ የአንተን ማሳ፣ በሚቀጥለው የእኔን እያለ ጉልበቱን ያበድራል፤ ብድሩም በጉልበት ይመለሳል። ደቦ ተጠርተው የሚሄዱበት፣ ጠሪውም አብልቶ አጠጥቶ የሚሸኝበት ነው፤ ወንፈል ግን ተራ አለው። እኛም እንዲሁ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እንገናኛለን፤ በአንድ እሑድ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው የአንድ ሰው ኮንሶል ብቻ ነው። ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዕቃውን ያመጣል፣ ሁላችን እሱ ላይ እንረባረባለን።

ሁሉም የየራሱን ይዞ ሲመጣ የሚሆነውን በፊት አይተነዋል። አምስት ሰው አምስት ቦርድ ከፍቶ በዝምታ ያጎነብሳል፣ አንድ መበየጃ ይሻማል፣ ሲመሽ አንድም ያለቀ የለም። አንድ ዕቃ ሲሆን ግን አንዱ ይፈታል፣ አንዱ ብሎን ይለያል፣ አንዱ በቴስተር ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል። ተራው ያልደረሰውም ቢሆን ለሚቀጥለው የሚያስፈልገውን ዕቃ እያሰበ ይሄዳል። ቀጠሮው ራሱ ያንን "አለቀ?" የሚለውን ጥያቄ ይተካል።

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ የሚያይ ይፈጠራል፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። ቦታውን በተመለከተ፣ ካፌ ጭስና ትንንሽ ብሎን ላለው ሥራ አይሆንም። እኛ የምንሠራው ከላይ ያልኩት የፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ እሑድ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ኪራዩን በጆይስቲክ ጥገና እንከፍላለን።

ስለ ቦታ ካነሳሁ አይቀር፣ ፕሌስቴሽን ቤት በአብዛኛው የወንዶች ቦታ ነው። ኮንሶል ከፍተው መሥራት የሚፈልጉ ሴቶች እዚያ ለመግባት የሚከብዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ መሀል አንዷ ከመግባቷ በፊት ማን ማን እንዳለ፣ በሩ ክፍት እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠየቀችን። የጠየቀችው ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ስንጠራ ሳይጠየቅ እንነግራለን። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚመጣው ቤተሰቡ አውቆ ነው፤ መበየጃ የሚይዘውም አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሲቆም ብቻ።

አምስት፦ መብራት

ሁለት ነገር፤ ሁለቱም ከባድ።

አንደኛው አደጋው ነው። ወፍራሙ ፕሌስቴሽን 2፣ ፕሌስቴሽን 3 እና 4 የመብራት ክፍላቸው ውስጣቸው ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ወደ ዲሲ ሲለወጥ ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ 310 ቮልት ያህል ይጠራቀማል፤ ከሶኬት ነቅላችሁትም ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። ጀማሪ ያንን ክፍል አይክፈት። በቤተሰብ እጅ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፦ 100–240 ካለ ይሰካል፤ 120 ብቻ ካለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የኤክስቦክስ 360 አዳፕተር በየአገሩ የተለያየ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያቃጥለው እሱን ነው። ያበጠ የፒኤስፒ ባትሪ ካያችሁም አትጫኑት፣ አትውጉት፤ አውጥታችሁ ከሚቃጠል ነገር አርቁት። ስትበይዱ መስኮት ክፈቱ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።

ሁለተኛው መጥፋቱ ነው። መብራት ጠፍቶ ቀጠሮ የተሰረዘባቸው ሦስት ተከታታይ እሑዶች ስብስብ ሊበትኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራውን ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ብሎን መለየት ያለ መብራት ይሠራል፤ መበየድና መፈተን በመብራት። ሲጠፋ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ እንጂ ወደ ቤት አትሂዱ። እንደ ፓይንሲል ያሉ በዩኤስቢ የሚሠሩ ቀጫጭን መበየጃዎችም አሉ፤ ጠንከር ያለ ፓወር ባንክ ይዟቸው ይሄዳል። እኛ ካለን መሣሪያ ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነው።

ስድስት፦ የመሣሪያ እቁብ

ጥሩ መበየጃ፣ ቴስተር፣ ሦስት ጥርስ ያለውን የጌም ቦይ ብሎን የሚፈታ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ፣ ፍላክስ። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይከብዳል። አምስት ሰው በየሁለት ሳምንቱ 400 ብር ቢጥል በዙር 2,000 ብር ይሆናል። ከተለመደው እቁብ የሚለየው፣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለሞዲንግ ዕቃ ብቻ ያውለዋል፤ የገዛውንም ለወንፈሉ ያውሳል። ሰው ብሩን ከጣለ ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ፤ እቁብ ያለበት ቀጠሮ ዝናብም አያስቀረውም።

ስክሪንና ፍሌክስ የመሳሰሉትን አብዛኛውን ጊዜ የምናስመጣው ዱባይ ወይም ቻይና በሚመላለስ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መንገደኛ አታስቸግሩ። የሁሉንም ዝርዝር በአንድ ወረቀት ሰብስቡ፤ የሞዴል ቁጥርና ፎቶ ይኑርበት። ፒኤስፒ 1000 እና ፒኤስፒ 3000 ስክሪናቸው አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ "የፒኤስፒ ስክሪን" ብሎ የላከ ሰው የማይገጥም ዕቃ ተቀብሎ ያዝናል።

ሰባት፦ ስትጠይቁ ተጠይቃችሁ የምትመልሱትን ያህል ጻፉ

ቴሌግራም ላይ "ፒኤስ 2 አይነሳም ምን ላድርግ" የሚል ጥያቄ መልስ የሚያጣው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚመለስበት ነገር ስለሌለው ነው። የሞዴል ቁጥሩን፣ ስትጫኑት ቀይ መብራቱ ምን እንደሚሆን፣ ከዚያ በፊት ምን ደርሶበት እንደነበር፣ ምን ሞክራችሁ ምን እንዳያችሁ ጻፉ። የቦርዱን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱ። መፍትሔው ሲገኝ ተመልሳችሁ "በዚህ ተስተካከለ" በሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ ስሙ ይያዛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይመለስለታል።

የወንፈሉን ሥራ ደግሞ በአማርኛ በደብተር መዝግቡ። ቀን፣ ሞዴል፣ ብልሽት፣ የተለካው ቮልት፣ የተደረገው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች አይፊክስኢትን በመሳሰሉ ቦታዎች ሞልተዋል፤ እኛ ጋ ያለውን ችግር ግን፣ የመብራቱን መዋዠቅ፣ የአቧራውን ብዛት፣ በየሱቁ የሚገኘውን የማይረባ ፍላክስ፣ የሚጽፍልን የለም። አዲስ ሰው ሲመጣ ደብተሩን እንሰጠዋለን፤ ጠይቆ ከማፈር ያድነዋል።

ስምንት፦ "ክራክ አድርግልኝ"

ኮንሶሌን ክፈትና የተገለበጠ ጌም ጫንልኝ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ይመጣል፣ በብዛትም ይመጣል። የራሴን አቋም ልንገራችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለበት አገር ውስጥ ነን፤ የሰው ጌም ገልብጦ መሸጥ ከሞዲንግ ጋር አንድ አይደለም። የተከፈተ ኮንሶል ከኦንላይን ጨዋታ ሊታገድ እንደሚችልም ባለቤቱ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ከሕጉ ሌላ ያየሁት ደግሞ አለ፦ አንድ የማውቀው ስብስብ በየእሑዱ የሰው ኮንሶል በነጻ እየከፈተ ጌም መጫን ጀመረ፤ ወረፋው ረዘመ፣ የራሳቸው ሥራ ቆመ፣ በሦስት ወር ተበተኑ። እኛ "ጥገናና ማሻሻያ እንጂ ጌም አንጭንም" ብለን በሩ ላይ ለጥፈናል።

ዘጠኝ፦ ሲሰለቻችሁ

ይሰለቻል። ሁለት ልማድ ይዞኛል። አንደኛው፣ የተከፈተ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም፤ ሁለተኛው የሚከፈተው የመጀመሪያው ሲዘጋ ነው። መዝጋት ማለት መጠገን ብቻ አይደለም፤ አልሠራ ካለ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለይቶ በፌስታል አድርጎ፣ ስም ጽፎበት ለሌላ ሥራ ማስቀመጥም መዝጋት ነው። ሁለተኛው፣ ሥራ ስጀምር ለማን እንደምሠራው እወስናለሁ። ለእህቴ፣ ለፕሌስቴሽን ቤቱ፣ ለታች ፎቁ ልጅ። ብሎኖቹን ከየቦታቸው እያወጣሁ ወረቀት ላይ በፕላስተር ስለጥፍ የሰውየውን ስም ወረቀቱ ራስ ላይ እጽፋለሁ። ሥራው ሁለት ወር ቢቋረጥ እንኳ፣ ወረቀቱን ሳይ ብሎኑ የት እንደሚገባም፣ ማን እንደሚጠብቀኝም እዚያው አለ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰው ሲሄድ ነው። ሥራ ያገኛል፣ ሰፈር ይቀይራል፣ አገር ይለቃል። ከእኛ አንዱ ባለፈው ዓመት ሲሄድ ተራው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ተራውን አስቀደምንለትና ከልጅነቱ የነበረውን ፕሌስቴሽን 2 አብረን ጨረስን፤ ሌንሱን አጸዳን፣ ባትሪውን ቀየርን፣ ቀፎውን አጠብን። እሱ ደግሞ ካቻቢቴዎቹን፣ ወረንጦውንና ግማሽ የቀረውን የሊድ ጥቅል በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ለሚተካው ሰው ተወው። ክዳኑ ላይ በማርከር "ፍሌክስ ከመሳብህ በፊት መቆለፊያውን አንሳ" ብሎ ጽፎበታል። አሁን ቆርቆሮው ያለው ታች ፎቁ ልጅ ጋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል፣ እናቱ ፈቅደውለታል፣ በሚመጣው እሑድ ዕጣው የእሱ ነው።